የፍየሎቹ ዋጋ «ሃቭ» ወይስ «ሃዝ»? የማስተርስ መግቢያ ፈተና የሰዋስው ጥያቄ ሲመረመር

እስቲ ይህን የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር በእኛው ፊደል ልጻፍላችሁና ጮክ ብላችሁ አንብቡት፦ «ዘ ፕራይስ ኦፍ ዘ ጎትስ ፍሮም ዘ አበርገሌ ሎውላንድስ ሃቭ ፎለን»። ከአበርገሌ ቆላ የሚመጡት ፍየሎች ዋጋ ወረደ ለማለት የተጻፈ ነው። ጆሯችሁን ቆረቆረው? ብዙ ሰው፣ በእንግሊዝኛ አፉን የፈታውም ጭምር፣ በመጀመሪያው ንባብ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ግን ስሕተት አለው። የወረዱት ፍየሎቹ አይደሉም፤ ዋጋቸው ነው። ዋጋ ደግሞ አንድ ነውና «ሃቭ» ሳይሆን «ሃዝ» መሆን ነበረበት።

እንዲህ ያለው ጥያቄ «ዓረፍተ ነገር ማረም» ይባላል። ታዋቂ ያደረገው እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ ለንግድና ለአስተዳደር ትምህርት ቤቶች መግቢያነት የሚሰጠው «ጂማት» የተባለው ፈተና ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ይቀርባል፤ ከፊሉ ይሰመርበታል፤ ከሥሩ አምስት ምርጫዎች ይደረደራሉ። የመጀመሪያው ምርጫ የተሰመረበትን እንዳለ ይደግመዋል፤ «ስሕተት የለውም» ማለት ነው። ቀሪዎቹ አራቱ ሌላ ሌላ አጻጻፍ ያቀርባሉ። በቀድሞው ጂማት የቃል ክፍል 36 ጥያቄ በ65 ደቂቃ ይሠራ ነበር። አስሉት፤ ለአንዱ 108 ሴኮንድ ገደማ ይደርሰዋል።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ትምህርት ሚኒስቴር የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናን ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ አገር አቀፍ አድርጎታል። ተማሪው ባጭሩ «ጋት» ይለዋል። በዝግጅት ላይ ባሉ ልጆች ስልክ ውስጥ የሚዞሩትን መለማመጃዎች አይቻለሁ። ዓረፍተ ነገር የማረም ጥያቄ ያለባቸው አብዛኞቹ ከድሮ የጂማት መጻሕፍት የተቀዱ ናቸው፤ አንዳንዱ እንዲያውም ከነስለ ኒውዮርክ አክሲዮን ገበያ ታሪኩ። ታዲያ ይህን ጥያቄ ከሰቆጣ ሆኖ ለሚያጠናው ልጅ ልክ እንደ አንድ የላቦራቶሪ መሣሪያ ልንፈትሸው እንችላለን። ሚዛን የሚለካው ክብደትን ነው፤ ቴርሞሜትር የሚለካው ሙቀትን ነው። ይህ ጥያቄ የሚለካው ምኑን ነው?

ለምን ሰቆጣ? የዋግ ኽምራ ደጋ ልጅ ወደ እንግሊዝኛ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ በሁለት ደረጃ ስለሆነ ነው። እናቱ ቤት የምትናገረው ኽምጣጛ ሊሆን ይችላል። ገበያ፣ ቢሮና አብዛኛው ትምህርት ቤት አማርኛ ነው። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ መማሪያው እንግሊዝኛ ይሆናል። (በነገራችን ላይ የኽምጣጛን የመጨረሻ ፊደል «ጛ»ን ልብ በሉ። በአማርኛ ፊደል ገበታ ላይ የለችም፤ የአገው ቋንቋዎች ግን ያለሷ አይጻፉም።) ኽምጣጛ ከአዊኛ፣ ከቅማንትኛና ኤርትራ ውስጥ ከሚነገረው ብሊን ጋር የአገው፣ ማለትም የማዕከላዊ ኩሽ ቤተሰብ ነው። ዴቪድ አፕልያርድ እ.ኤ.አ. በ1987 የሰዋስው ንድፉን አሳትሟል፤ ክሎኤ ዳርሞን ደግሞ በ2015 የዶክትሬት ጥናቷን ሙሉ በሙሉ ለዚሁ ቋንቋ ሰጥታለች።

«የዋግ ልጅ እንግሊዝኛው የሚደክመው ቋንቋው ሩቅ ስለሆነ ነው» የሚሉ አሉ። ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሹ ደግሞ ሁላችንንም ይመለከታል። ኽምጣጛም አማርኛም ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣሉ። ሁለቱም ገላጩን ከሚገለጸው ስም ያስቀድማሉ። አማርኛ ሴማዊ ሆኖ ሳለ እንዲህ መሆኑ ራሱ ብዙ የቋንቋ ተመራማሪዎች ከአገውና ከሌሎች የኩሽ ቋንቋዎች ጋር ረጅም ዘመን አብሮ ከመኖሩ ጋር ያያይዙታል። እንግዲህ ከእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር አደረጃጀት አንጻር የሰቆጣውና የደብረ ማርቆሱ ልጅ የቆሙት አንድ ዳር ላይ ነው። የሰቆጣው አንድ ወንዝ ተጨማሪ ተሻግሮ መጥቷል፣ ልዩነቱ ይህ ነው። ላይ በጦርነቱ ዓመታት ትምህርት መቋረጡ ተደርቧል።

አሁን ወደ ፍየሎቹ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1991 ካትሪን ቦክና ካሮል ሚለር የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ ቀላል ሙከራ አሳትመው ነበር። በእንግሊዝኛ አፋቸውን ለፈቱ ሰዎች የዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ይሰጣሉ፤ ተሳታፊው ደግሞ ጨርሶ በቃሉ ይናገራል። መጀመሪያው «የሳጥኖቹ ቁልፍ» ዓይነት ሲሆን፣ ማለትም ባለቤቱ ነጠላ ሆኖ ከግሡ አጠገብ ግን ብዙ ቁጥር ያለው ስም ሲቀመጥ፣ ሰዎቹ እየተሳሳቱ ግሡን ብዙ ያደርጉት ነበር። የሚገርመው፣ ሲገለበጥ ስሕተቱ ብርቅ ሆነ፤ ባለቤቱ ብዙ፣ አጠገቡ ያለው ስም ነጠላ ሲሆን እምብዛም አልተሳሳቱም። በእንግሊዝኛ የብዙ ቁጥር ምልክቷ «ስ» አእምሮን እንደ ማግኔት ትስባለች ማለት ነው። ኋላ የመጡ ጥናቶችም በንባብ ላይ ተመሳሳይ ነገር አገኙ፤ አንባቢው የተሳሳተውን ግሥ ሲያይ የሚጠበቀውን ያህል አይደነግጥም።

ስለዚህ የጂማት ጥያቄ አውጪ ያንን ማግኔት አውቆ ነው ወጥመዱን የሚዘረጋው። ባለቤቱንና ግሡን በረጅም ሐረግ ይለያያቸዋል፣ መሐሉ ላይ ብዙ ቁጥር ይከምርበታል። ታዲያ ይህ የሚለካው እውቀትን ነው? «ዋጋ ነጠላ ነው» የሚለውን ሕግ የማያውቅ የማስተርስ አመልካች እምብዛም አይገኝም። የሚለካው ባለቤቱን በአእምሮ ይዞ ሐረጉን የማቋረጥ ችሎታን ነው፤ ማለትም የሥራ ላይ ትውስታን። በሦስተኛ ቋንቋ ለሚያነብ ሰው ደግሞ ያ ትውስታ ቃላቱን በመፍታት ቀድሞውኑ ተይዟል።

እዚህ ላይ ግን አንድ የምሥራች አለ፤ የትኛውም የአሜሪካ መለማመጃ መጽሐፍ ሲጽፈው አላየሁም። ዓረፍተ ነገሩን ወደ አማርኛ ቅደም ተከተል ገልብጡት፦ «ከአበርገሌ ቆላ የሚመጡት ፍየሎች ዋጋ ወረደ»። አያችሁት? ገላጮቹ ሁሉ ወደ ፊት ሮጡ፤ «ዋጋ» ከግሡ ጋር ትከሻ ለትከሻ ቆመ። የእንግሊዝኛው አንባቢ በማግኔት የሚሳብበት ቦታ ላይ በአማርኛ ቁጭ ያለው ራሱ ባለቤቱ ነው። በእንግሊዝኛ «ኦፍ» ባያችሁ ቁጥር ከፊቷ ያለውንና ከኋላዋ ያለውን በ«የ» ገልብጡ፤ መጨረሻ ላይ የሚቀረው ስም ባለቤቱ ነው። ኽምጣጛም ገላጩን የሚያስቀድም ስለሆነ በዚያ መንገድ የሚያስብ ልጅም ከዚሁ ቦታ ይደርሳል።

ይህን በክፍላችሁ ፈትሹት። አሥር የዓረፍተ ነገር መጀመሪያዎች በእንግሊዝኛ አዘጋጁ፤ አምስቱ እንደ ፍየሎቹ ዋጋ፣ አምስቱ ደግሞ ከግሡ አጠገብ ብዙ ቁጥር የሌለባቸው። ጓደኛችሁ ቶሎ ቶሎ በቃሉ ይጨርስ፣ እናንተ ስሕተቱን ቁጠሩ። ከዚያ ሌላ ጓደኛ አምጡና መጀመሪያ በሆዱ ወደ አማርኛ እንዲገለብጥ ነግራችሁት ድገሙት። የሁለት ሰው ውጤት ምንም አያረጋግጥም፤ ክፍሉ በሙሉ ሲሞክረው ግን ወሬው ሌላ ነው።

ግልበጣው ሁልጊዜ አያድንም። ሰቆጣ ገበያ ላይ ሰው «አምስት ፍየል ሸጥኩ» ይላል እንጂ «አምስት ፍየሎች» ብሎ አይጨነቅም። አማርኛ ቁጥር ከተጠራ ብዙ ማድረጊያውን ሊተወው ይችላል፤ እንግሊዝኛ አይተውም። ስለዚህ ስሙ ላይ «ስ» መኖር አለመኖሩን አማርኛችሁን አትጠይቁት፣ አያውቅም።

አማርኛ ሙሉ በሙሉ የሚያሳስተን ሌላ ቦታ አለ። ይህን እዩ፦ «ክላይምቢንግ ዘ ሂል፣ ሰቆጣ አፒርድ ኢን ዘ ዲስታንስ»። እኛ «ኮረብታውን እየወጣን ሳለ ሰቆጣ ከሩቅ ታየችን» ብለን እናነበውና «ምን ችግር አለው?» እንላለን። በአማርኛ ምንም ችግር የለውም፣ «እየወጣን» ውስጥ «እኛ» አለንበትና። «ወጥቼ» ስትሉ እኔ ነኝ፤ «ወጥታ» ስትሉ እሷ ናት። የአማርኛ ቦዝ አንቀጽ ባለቤቱን በኪሱ ይዞ ይዞራል። የእንግሊዝኛው «ክላይምቢንግ» ኪሱ ባዶ ነው፤ የሚወጣው ማን እንደሆነ አይናገርም። ስለዚህ የፈተናው ሕግ ባለቤቱን ከኮማው በኋላ ካለው ስም ይበደርለታል፤ ውጤቱም ሰቆጣ ከተማ ራሷ ኮረብታ ስትወጣ መገኘት ነው።

ይህን ስሕተት የሚያልፍ ተማሪ ማሰብ አቅቶት አይደለም። የራሱ ቋንቋ ያንን ቁጥጥር በራሱ ስለሚሠራለት በእጅ መቆጣጠርን አልለመደም። መድኃኒቱ አንድ ነው፦ ዓረፍተ ነገሩ በ«ኢንግ» ወይም በ«ኢድ» ቃል ከጀመረ፣ ኮማው ላይ ቁሙና «ማን ነው ይህን ያደረገው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ከኮማው ቀጥሎ ካልተቀመጠ ያንን ምርጫ ሰርዙት። ከዚህ ወዲያ ምርጫውን እንደገና አታንብቡት፣ ጊዜ ይበላል።

ጥያቄ አውጪዎች «ገላጭ ሁልጊዜ ቅርቡ ያለውን ስም ይገልጻል» የሚል ነገር እንደ ተፈጥሮ ሕግ ሲጠቅሱ ደግሞ ፈገግ እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ1988 ኩዌቶስና ሚቸል የተባሉ ተመራማሪዎች «በረንዳ ላይ የነበረችው የተዋናይዋ አገልጋይ» ዓይነት አሻሚ ሐረግ ለአንባቢዎች ሰጥተው ነበር። በረንዳው ላይ ያለችው ተዋናይዋ ናት ወይስ አገልጋይዋ? የእንግሊዝኛ አንባቢዎች ወደ ቅርቡ ስም፣ ወደ ተዋናይዋ አዘነበሉ፤ የስፓኝኛዎቹ ወደ ሩቁ። አንድ ዓይነት አእምሮ፣ ሁለት ልማድ። «ሎጂክ ነው» የተባለው ነገር ግማሹ የቋንቋ ልማድ ሆኖ ተገኘ።

እስካሁን ወቀሳው በዛ፤ ይህ የጥያቄ ዓይነት በሙሉ ዋጋ የለውም ማለቴ ግን አይደለም። እኔ ራሴ ለማስተርስ ተማሪ ባስተምር የማልተወው አንድ ዓይነት አለ፤ የንጽጽሩ ጥያቄ። «የሰቆጣ ዝናብ ከባሕር ዳር ያንሳል» እንላለን። ሁሉም ይገባዋል። ነገር ግን ቃል በቃል ያነጻጸርነው ዝናብን ከከተማ ጋር ነው። «ከባሕር ዳሩ ያንሳል» ብንል ያቺ «ሩ» ዝናቡን መልሳ ታመጣዋለች። በእንግሊዝኛ ይህን ሥራ የሚሠራው «ዛት ኦፍ» ነው፤ ዝናብን ከዝናብ፣ ዋጋን ከዋጋ፣ ምርትን ከምርት ጋር ያስተካክላል። የምርምር ጽሑፍ ግማሹ ንጽጽር ነው። ሰቆጣ ያለው የደረቅ ምድር ግብርና ምርምር ማዕከል ስለ ማሽላ ዝርያ ሲጽፍ ያነጻጸረው ምርትን ከምርት ይሁን ምርትን ከመሬት ስፋት ገበሬውንም ይመለከተዋል። እዚህ ላይ ጥያቄው የሚለካው ቋንቋን ብቻ ሳይሆን የሐሳብን ጥራት ነው፤ በየትኛውም ቋንቋ ያለ ጥራት።

አሁን ደግሞ ከሁሉ የሚያናድደኝን ልንገራችሁ፤ «እንዲህ ስለሚባል ነው» ከማለት በቀር ምክንያት የሌለውን። ለሚቆጠር ነገር «ፊውወር»፣ ለማይቆጠር «ሌስ»። በአማርኛ ፍየሉም ያንሳል፣ ውኃውም ያንሳል፤ ማንም ግራ ተጋብቶ አያውቅም። ሌላ፦ ቡድን፣ መንግሥት፣ ኮሚቴ ነጠላ ነው ወይስ ብዙ? የለንደን ጋዜጣ «ዘ ቲም አር» ብሎ ቢጽፍ ማንም አይደነግጥም፤ በአሜሪካው ፈተና ግን ወድቃችኋል። «እንዲሄድ መከርኩት» ለማለት አሜሪካዊው ግሡን ያለምንም ምልክት «ሂ ጎ» ይላል፤ እንግሊዛዊው «ሹድ» ይጨምርበታል፤ ፈተናው የአሜሪካውን ብቻ ይቀበላል። ጾታው ላልታወቀ አንድ ሰው «ዜይ» ማለት ለረጅም ዘመን በመለማመጃዎቹ ስሕተት ነበር፤ የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር የአጻጻፍ መመሪያ ግን በ2019ኙ ሰባተኛ እትሙ ፈቅዶታል። ብዙ የማስተርስ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያዘጋጀው በዚሁ መመሪያ ነው! ለመግባት የሚያስጥልህ ነገር ከገባህ በኋላ ትክክል ሆኖ ይጠብቅሃል።

ይህ የመጨረሻው ዓይነት ምን ይለካል? ከጥሩ የአሜሪካ ጋዜጣ ጋር ስንት ሰዓት እንዳሳለፍክ። ሌላ ምንም። ለዚህም ነው «ጆሮህን እመን፣ ደስ ያላለህን ሰርዝ» የሚለው የመጻሕፍቱ ምክር ሰቆጣ ላይ የማይሠራው። ጆሮ የሚታመነው የሰማ እንደሆነ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ውድ ትምህርት ቤት የተማረው ልጅ በጆሮው 108 ሴኮንዱን በ20 ይጨርሳል፤ የዝቋላው ልጅ ደግሞ ሕጉን እየመዘዘ እስከ መጨረሻው ይፈጃል። ሁለቱም አንዱን ጥያቄ ቢመልሱት እንኳ ለቀጣዩ የተረፋቸው ጊዜ እኩል አይደለም።

ስለዚህ ለጆሮ የለሹ አንባቢዬ ሌላ መንገድ ልስጠው። አምስቱን ምርጫ ከላይ እስከ ታች ሙሉ ሙሉውን አታንብብ። ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ታች እይ፤ ምርጫዎቹ የሚለያዩበት ቃል የትኛው ነው? «ሃዝ» እና «ሃቭ» ከሆነ ባለቤቱን በ«የ» ገልብጠህ ፈልግ። ልዩነቱ «ዛን» ከሚለው ቃል በኋላ ከሆነ ምን ከምን ጋር እንደተነጻጸረ ጠይቅ። ልዩነቱ የዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ላይ ከሆነ ኮማው ላይ ቁም። ከእነዚህ በአንዱም ካልተለያዩ የልማድ ጥያቄ ነው፤ ያን ጊዜ ገምትና እለፍ፣ ሁለት ደቂቃ አታቃጥልበት።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚደንቀው ነገር ጂማት ራሱ ዓረፍተ ነገር ማረምን መተዉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ፣ በእኛ አቆጣጠር በ2016 መጀመሪያ፣ በተጀመረው አዲሱ ቅርጹ የቃል ክፍሉ 23 ጥያቄ በ45 ደቂቃ ሆነ፤ የቀሩት የንባብ ግንዛቤና የክርክር ትንተና ብቻ ናቸው። የድሮው ቅርጽ በጥር 2024 አበቃ። አያችሁ፣ የፈተናው ባለቤቶች መሣሪያውን ከመደርደሪያ ባወረዱበት በዚያው ዓመት እኛ ጋ ልጆች ያንኑ መሣሪያ በፎቶ ኮፒ ይለማመዱበት ጀመር።

ተከራካሪዎች አሉኝ፤ ምክንያታቸውም ቀላል የሚባል አይደለም። «ድኅረ ምረቃ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ መመረቂያ ጽሑፉም በእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛ ብንፈትን ምን አጠፋን?» ይላሉ። ምንም። እንግሊዝኛ መፈተን ተገቢ ነው። ግን ውጤቱን «የማሰብ ችሎታ» በሚል ስም ካልተጠራ ነው። ሁለተኛው ክርክራቸው የበለጠ ይከብዳል፤ ምርጫ ያለው ጥያቄ በማሽን ይታረማል፣ አራሚ አያዳላበትም፣ ለብዙ ሺህ ተፈታኝ በአንድ ቀን ይደርሳል። እውነት ነው። ድርሰት ማሳረም ውድ ነው፣ አራሚ ከአራሚም ይለያያል። ነገር ግን ከአምስት የተጻፉ ዓረፍተ ነገሮች አንዱን መምረጥና የራስን ዓረፍተ ነገር ማረም ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የገበያ ፍየል መምረጥ የሚችል ሁሉ ፍየል ማርባት አይችልም።

እሺ፣ አንድ ጥያቄ ከሚገባው በላይ የአንድን ወገን ልጆች እየጎዳ መሆኑ እንዴት ይታወቃል? ለዚህ በስታትስቲክስ ውስጥ የሚያምር ዘዴ አለ፤ የተወለደውም ፈተና ውስጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1959 ናታን ማንቴልና ዊልያም ሄንዜል ለካንሰር ጥናት የሠሩት ነው። በ1980ዎቹ ፖል ሆላንድና ዶሮቲ ታየር ወደ ፈተና አመጡት። ሐሳቡ እንዲህ ነው። ሁለት ቡድኖችን በደፈናው አታወዳድር፤ አንዱ የተሻለ ትምህርት አግኝቶ ሊሆን ይችላልና። ይልቅ ጠቅላላ ውጤታቸው እኩል የሆኑትን ብቻ አጠገብ ለአጠገብ አቁማቸው። እንበልና በጠቅላላው ሁሉም 60 ያመጡ 200 ልጆች አሉ፤ 100ው አፋቸውን በአማርኛ የፈቱ፣ 100ው በኽምጣጛ። በአንዲት የ«ፊውወር» እና «ሌስ» ጥያቄ ላይ ከመጀመሪያዎቹ 70ው፣ ከሁለተኛዎቹ 40ው ብቻ መለሱ። ችሎታቸው እኩል ነው ብለናል፤ ታዲያ 30 ሰው የት ገባ? ጥያቄዋ ከችሎታ ሌላ የሆነ ነገር እየለካች ነው። ይህን በየውጤት ደረጃው እየደገሙ መደመር ነው ዘዴው። በአሜሪካ ትልቁ የፈተና ድርጅት ጥያቄዎቹን በዚህ መንገድ በሦስት ደረጃ ይመድባል፤ ልዩነቱ ኢምንት የሆነ፣ መካከለኛ የሆነ፣ ትልቅ የሆነ።

ቁጥሮቹ የእኔ ምሳሌ ናቸው እንጂ የማንም ውጤት አይደሉም። ዘዴው ግን እዚህ አገር ለመሥራት የሚያስፈልገው ነገር ጥቂት ነው፤ መመዝገቢያ ቅጹ ላይ «አፍዎን የፈቱበት ቋንቋ» የሚል አንድ መስመር። አንድ እውነተኛ ችግር አለ። ዘዴው በየቡድኑ በርካታ መቶ ሰው ይፈልጋል፤ በአንድ ዙር ፈተና ደግሞ ያን ያህል የኽምጣጛ ተናጋሪ ላይገኝ ይችላል። የበርካታ ዓመታትን ውጤት ማጠራቀም ይቻላል። ወይም የአዊንና የዋግን አንድ ላይ መመልከት። ትንሽ ቡድን በመሆኑ ብቻ የማይመረመር ከሆነ ግን፣ ችግሩ ካለ የሚቀመጠው ማንም በማያይበት ቦታ ነው።

ጥያቄው ይሻሻል ከተባለ ደግሞ እንደዚህ ያለውን አመጣለሁ። ሠንጠረዥ ስጡት፦ ቀበሌ «ሀ» አምና 300 ፍየል ነበረው፣ ዘንድሮ 270። ቀበሌ «ለ» አምና 200፣ ዘንድሮ 190። ከዚያ አራት ዓረፍተ ነገሮች በእንግሊዝኛ ይቅረቡና ከሠንጠረዡ ጋር የማይስማማውን ይምረጥ። አንደኛው፦ በቁጥር ሲታይ «ሀ» ያጣው ፍየል «ለ» ካጣው ሦስት እጥፍ ነው። ሁለተኛው፦ በመቶኛ ሲታይ የ«ሀ» ቅናሽ የ«ለ»ን እጥፍ ነው። ሦስተኛው፦ የ«ሀ» የፍየል ቁጥር ዘንድሮም ከ«ለ» ይበልጣል። አራተኛው፦ የ«ሀ» ፍየሎች ከአምናው ቁጥራቸው «ቱ ቴን ፐርሰንት» ቀነሱ። የመጨረሻው ነው ስሕተቱ፤ «ባይ» መሆን ነበረበት። «በ10 በመቶ ቀነሰ» እና «ወደ 10 በመቶ ቀነሰ» እንደማለት ነው። በመጀመሪያው 270 ፍየል አለ፤ በሁለተኛው 30 ብቻ ቀርቶ ሰው እርዳታ ጠያቂ ሆኗል። እዚህ ላይ ያለችውም መስተዋድድ አንዲት ፊደል ናት፤ የኒውዮርክ ጆሮ ግን አትጠይቅም።